ከመስታወቱ ስር ያየሁት እግር

የአባቴን እግር ጉድ ያየሁት ከታች ወደ ላይ አንጋጥጬ ነው። ሁለት ወር ከምናምን አንድ ቤት ውስጥ አብረን ስንበላ፣ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን ቴሌቪዥን ስናይ ያላየሁትን፣ ሮም ውስጥ ቴቬሬ ወንዝ ዳር ቆሜ በመስታወት አየሁት። ያን ቀን ባላየው ኖሮ፣ ሐኪሟ እንደነገረችኝ፣ እግራቸው ከጉልበት በታች ይቆረጥ ነበር። ስለዚህ ያንን የመስታወት መንገድ ላመሰግነው በተገባኝ። አላመሰግነውም። እስከ ዛሬ ሳስበው ቋቅ ይለኛል፤ ቋቅ የሚለኝ ደግሞ በመስታወቱ ብቻ አይደለም።

አባቴ ከአዲስ አበባ የመጡት በሦስት ወር ቪዛ ነው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ስኳር አለባቸው። ኪኒናቸውን በሰዓቱ የሚውጡ፣ ሻያቸውን መራራውን የሚጠጡ፣ «ስኳርማ እኔን ፈርቶኛል» እያሉ የሚቀልዱ ሰው ናቸው። ከመነሳታቸው በፊት ሐኪማቸው እግራቸውን አደራ ብሏቸው ነበር። የስኳር ሰው እግር ይደነዝዛል፤ ቢወጋው አይሰማውም፣ ከቆሰለ ደግሞ ቶሎ አይሽርም። ይህንን እኔም በስልክ ሰምቼ «እሺ፣ እኔ አለሁ አይደል እንዴ» ብያለሁ። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት። ከሰው ሁሉ በላይ ማወቅ የነበረብኝም እኔው ነኝ፤ እንጀራዬ የሽማግሌ እግር ነውና።

ሥራዬ ባዳንቴ ነው፤ የጣልያን አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። አስራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ያን ጊዜ የምጦራት ሲኞራ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነበር። በየማለዳው ከሰፈሬ ከፒኜቶ በትራም ሄጄ፣ ፊት ለፊቷ ተንበርክኬ፣ ካልሲዋን አወልቃለሁ። ጥፍሯ ቢጫ ነው፣ እንደ በሬ ቀንድ ጠንክሮ ተጣሟል። በጣቶቿ መሃል ያለው ቆዳ ነጥቶ ይላጣል፤ ሽታው የከረመ ፎርማጆ ነው። አንድ በአንድ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ዱቄት እነሰንሳለሁ። እያስጠላኝም ፊቴ ፈገግ እንዳለ ነው። ይህ የሙያው ትልቁ ክፍል ነው፤ እጅ ሁሉም ሰው አለው፣ ፊት ነው የሚቸግረው። ሽማግሌ ሰው የሚያጥበውን እጅ አያይም፤ ፊትሽን ነው የሚያየው። አንድ ጊዜ አፍንጫሽን ከሸበሸብሽ አበቃ፣ ከዚያ ወዲያ ገላውን አይሰጥሽም።

እኔ በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልሸበሸብኩም። በዚህ እኮራለሁ። እኮራ ነበር ማለቴ ነው።

ጣጣው ከሥራ ስወጣ ነው። ቀኑን ሙሉ የቋጠርኩትን ማታ እለቀዋለሁ። ትራም ውስጥ ሰው በነጠላ ጫማ እግሩን ዘርግቶ ሳይ ደሜ ይፈላል። በበጋ ሮም መላዋ ተከፍቶ የተረሳ የጫማ ሳጥን ናት፤ ተረከዙ የተሰነጠቀው፣ ጥፍሩ የጠቆረው፣ ቱሪስቱ፣ ቄሱ፣ ሁሉም እግሩን ይዞ ይወጣል። እቤት ስገባ ባሌ ካልሲውን ሶፋ ስር ጥሎ ካገኘሁ ሰፈሩ ይሰማኛል። አስራ አንድ ዓመት የሞላት ልጄ እንኳ እግሯን ጠረጴዛ ላይ ብትሰቅል «አንሺ፣ ዛሬ እግር ጠግቤያለሁ» እላታለሁ። እሷም በጣልያንኛ ማማ ደግሞ ተነሳባት ብላ ለአባቷ ትስቅብኛለች።

አባቴ የመጡት በዚህ ቤት ላይ ነው።

እኔ ልጅ ሆኜ አባቴ ማታ ከሥራ ሲገቡ እግራቸውን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ፣ ጨው ጣል ተደርጎበት። ሱሪያቸውን እስከ ቅልጥማቸው ይጠቀልሉታል፣ እኔ ቁጢጥ እላለሁ፣ እሳቸው ስለ ዋሉበት ያወሩልኛል። ስጨርስ እርጥብ እጄን ይዘው ይመርቁኛል። ሁለተኛው ጣታቸው ከአውራ ጣታቸው ይረዝማል፤ ተረከዛቸው ላይ በልጅነታቸው መጥረቢያ የሳተው ጠባሳ አለ። ያንን ጠባሳ ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ነው የማውቀው። ያኔ አስጠልቶኝ አያውቅም። እግር ያስጠላል ብሎ ማሰብ ራሱ አልመጣልኝም።

እንግዲህ ሮም የገቡ ዕለት ማታ እኔ ከሲኞራዋ ዘንድ ደክሜ ስመለስ አባቴ ሳሎን ተቀምጠዋል። ጫማቸውን አውልቀዋል፤ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ፊታቸው እንደ በዓል በርቶ ይጠብቁኛል። «ልጄ፣ እስኪ ያቺን ውሃ» አሉኝ። ልማዳችን ነዋ። ሃያ ዓመት የተለያየን ሰዎች በምን እንጀምር፣ በዚያው በለመድነው እንጀምር ብለው ነው። ውሃውን አምጥቼ ሳፋውን አስቀመጥኩ። ቁጢጥ ለማለት ጉልበቴን አጠፍኩ። እግራቸው ከአውሮፕላን ጉዞ አብጦ፣ ላቡ ደርቆበት፣ እዚያው አፍንጫዬ ስር ነበር። ያን ጊዜ በፊቴ ላይ ምን እንዳለፈ አላውቅም። እኔ የማውቀው ቀና ብዬ «አባባ፣ እዚህ አገር እኮ ለዚህ የተሠራ ነገር አለ» ማለቴን ነው።

ሽንት ቤት ወስጄ ቢዴውን አሳየኋቸው። ከመጸዳጃው ጎን የተተከለችውን ትንሽ ገንዳ አይተው «ይሄ ደሞ የልጅ ነው?» አሉ። ባሌ በሳቅ ሞተ። ቧንቧውን ከፍቼ፣ እዚህ ቁጭ ብለው እዚህ ውስጥ እግርዎን፣ ብዬ አስተማርኳቸው። እሳቸውም ሳቁ፣ ሥልጣኔ ነው አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እግራቸውን ራሳቸው ያጥባሉ፤ በሩን ቆልፈው። እኔም እሰይ አልኩ። እግዜር ይይልኝ፣ ተገላገልኩ ነው ያልኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ኤስኲሊኖ ወደሚባለው የገበያ ሰፈር ወስጄ ጫማ ገዛሁላቸው። ጥቁር፣ ቆዳ፣ ጫፉ ሹል ያለ፣ የጣልያን ነገር። ሻጩ ሰፋ ያለውን ቢያሳየኝ አሻፈረኝ አልኩ፤ አባቴን ሮም ላይ እንደ ጡረተኛ ላስመስላቸው? ልክ ነው ወይ ስላቸው «ልክ ነው፣ እንዴት ያለ ጫማ ነው» አሉ። ልክ አልነበረም። እግራቸው ስለደነዘዘ አልተሰማቸውም እንጂ ይቆነጥጣቸው ነበር። ደስ ብሏቸው በየቀኑ አደረጉት። ወር ሳይሞላ በቀኝ እግራቸው ማንከስ ጀመሩ። ስጠይቃቸው አዲስ ጫማ እስኪላመድ ነው አሉኝ። ቫ ቤኔ፣ እሺ ብዬ አለፍኩ።

ከዚያ ሽታው መጣ።

ሳሎን ነው የሚሸተው፣ አባቴ የሚተኙበት። ጣፈጥ የሚል፣ ግን የሞተ ነገር ሽታ። እኔ ሽታ ላይ ምሕረት የለኝም። ቆሻሻውን አወጣሁ፣ ሶፋውን ገለበጥኩ፣ በቧንቧው ሁሉ ካንዴጂና የሚሉትን በረኪና አፈሰስኩ፤ ዓይናችን እስኪያለቅስ። ለአከራያችን ደውዬ ቧንቧህ ገምቷል ብዬ አዋረድኩት። ሰውየው መጥቶ አሽትቶ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። አንድ ቀን እራት ላይ ማንኪያዬን ወርውሬ «እዚህ ቤት የበሰበሰ ነገር አለ፣ እኔ በዚህ ሽታ መሃል ምግብ አይወርድልኝም» አልኩ። አባቴ ያነሱትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡት። ቧንቧ ይሆናል፣ አሉ ቀስ ብለው። ከማግስቱ ጀምሮ መስኮቱን ከፍተው መተኛት ጀመሩ። ሽንት ቤትም ሲገቡ ሰዓት ሙሉ አይወጡም። እኔ በሩን እየቆረቆርኩ ለሥራ ረፈደብኝ እላለሁ፤ እሳቸው «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላሉ፣ ውሃው ሲፈስ ይሰማኛል።

አሁን ስጽፈው ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ያኔ ግን ማየት አልፈለግኩም፤ ሌላ ስም የለውም።

ወደዚያ እሑድ ልምጣ። በዚያ በጋ ወንዙ ዳር አዲስ ነገር ተከፍቶ ነበር። ፓሴሬላ ይሉታል፤ ከወንዙ ዳርቻ ተነስቶ ውሃው ላይ የሚዘረጋ፣ ወለሉ መስታወት የሆነ መተላለፊያ። የልጄ ክፍል ልጆች በሙሉ ሄደው ፎቶ ለጥፈዋል፤ እሷ ብቻ ቀርታለች። ኖኖ ሳይሄድ አብሬው መነሳት አለብኝ አለች፤ ኖኖ አያቷ ናቸው። ባሌ በስልኩ ቲኬት ያዘ። እኔ አልፈለግኩም። ወንዙን ስንት ጊዜ ከድልድይ ላይ አይቼዋለሁ፣ የሚታይ ነገር ቢኖረው አላጣውም ነበር። አባቴ ግን «ልጅቷ ካለች እንሂድ እንጂ» አሉ። ሊመለሱ ሦስት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር።

ከቅዳሴ ወጥተን በቀጥታ ሄድን። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጫማቸውን አወለቁ፣ ካልሲያቸውን ግን አላወለቁም። አዲስ አበባ ሳሉ ባዶ እግራቸውን ነበር የሚያስቀድሱት። እዚህ ወለሉ ቀዝቅዟቸው ነው አልኩ በልቤ፤ በሮም የሐምሌ ሙቀት።

ሙቀቱ አናት ይበሳል። ከመንገዱ ወደ ወንዙ የሚወርደው ደረጃ የሽንት ሽታው ከሩቅ ይቀበላል። ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ወረድኩ። ታች ውሃው ቆሞ የሚሄድ ይመስላል፤ ቀለሙ የእቃ ማጠቢያ ውሃ ነው። ድልድዩ እግር ስር የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የአረፋ ሳህን፣ የሆነ ሰው የተኛበት ፍራሽ ተከማችቷል። ድመት የሚያክል አይጥ ከሣሩ ወጥቶ አየን፣ ምንም ሳይመስለው ተመለሰ። ይህን ሁሉ በመስታወት ለማየት ነው እንግዲህ ሰው ተሰልፎ ቲኬት የሚያስፈትሸው። ባሌን ይሄን ልታሳየኝ ነው ወይ ያመጣኸኝ ብዬ ብጠይቀው፣ ለልጅቷ ስትይ ዛሬ እንኳ ፊትሽን ፍቺው አለኝ።

ፓሴሬላው ሲጀምር ዝቅ ያለ ነው፤ እኛ ከቆምንበት የድንጋይ ዳርቻ በላይ ሁለት ሰው ቁመት ያህል። ከዚያ እየራቀ ወደ ውሃው ይወጣል። ስሩ ደግሞ ክፍት ነው፤ ማንም በነጻነት ገብቶ ይቆማል። ወጣቶች በጀርባቸው ተንጋለው ስልካቸውን ወደ ላይ ቀስረዋል። ፋሽኑ እሱ ነው ለካ፤ አንዱ መስታወቱ ላይ ይቆማል፣ ሌላው ከታች ሆኖ ያነሳዋል። እኔ ቀሚስ ለብሻለሁ፣ ያውም የቤተ ክርስቲያን ቀሚስ። ይህንን ለብሼ የሰው ልጅ አንጋጦ እያየኝ እዚያ ላይ ልውጣ? ምን ቆርጦኝ። እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቦርሳችሁን እይዛለሁ አልኩ። ልጄ ቅር አላት። አባቴ «ተያት፣ ደክሟታል» ብለው ይዘዋት ወጡ።

መግቢያው ላይ ሹል ተረከዝ ያለው ጫማ እንደማይገባ የሚያሳይ ሥዕል ተለጥፏል፣ መስታወቱን ይጭረዋል መሰለኝ። ከአባቴ ፊት የተሰለፉ ሁለት ሴቶች ተረከዛም ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው በባዶ እግራቸው ገቡ። የሆነው ከዚህ ነው የጀመረው። ባሌ ልጅቷን እየቀረጸ ቀድሞ ሄዷል፤ የሚያስረዳቸው የለም። ለአባቴ ሰው ጫማውን አውልቆ ቀስ ብሎ የሚገባበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። በኋላ እንደነገሩኝ እዚህም የሚከበር ነገር አለ ማለት ነው ብለው ዝቅ አሉና ጫማቸውን አወለቁ። ካልሲያቸውም መስታወት ላይ ሊያዳልጣቸው ነው፤ ትንሽ አመነቱ፣ አወለቁት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያላወለቁት ሲሰግዱ የውስጥ እግራቸው ከኋላ ላለ ሰው ስለሚታይ ነበር። እዚህ ስግደት የለም። የሚቆም ሰው የእግሩን ውስጥ ማን ያየዋል? ቆሞበታል አይደል። አማተቡና ገቡ።

እኔ ይህንን ሁሉ አላየሁም። ጥላ ፍለጋ ፓሴሬላው ስር ገብቼ ነበር። አንድ ጊዜ ቀና ብል የጫማ ስር በጫማ ስር ላይ። ማስቲካ የተጣበቀበት፣ የውሻ ነገር የረገጠ፣ የሲጋራ ቁራጭ የሰካ። የሰው ሆድ፣ የሰው አገጭ ከስር፣ የሴት ጭን። ደግሞ የእነዚያ ሴቶች ባዶ እግር፣ መስታወቱ ላይ ተጨፍልቆ፣ በላብ የረጠበ ዱካውን እየተወ። ቀኑን ሙሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ የምሸሸው ነገር በእሑዴ አናቴ ላይ ወጥቶ ይሄድብኛል። ኤጭ! ብዬ ልወጣ ስል አንድ ሌላ ባዶ እግር መጣ።

ጠይም ነው። ሁለተኛው ጣቱ ከአውራ ጣቱ ይረዝማል። ተረከዙ ላይ ጠባሳ አለ።

እግሩን ያወቅኩት ሰውየውን ከማወቄ በፊት ነው። ከአውራ ጣቱ ስር፣ እግር መሬት የሚነካበት ላይ፣ ጉድጓድ ነበር። የሳንቲም ስፋት፣ ዳሩ ጥቁር፣ መሃሉ የገረጣ፣ ቁራጭ ሶፍት ተጣብቆበታል። ከጎኑ ያሉት ሁለት ጣቶች ጠቁረዋል። ሲራመዱ መስታወቱ ላይ ቢጫ እርጥብ ነገር ቀረ።

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አይደለም፤ ድንጋጤም አይደለም። ምራቄ ሞልቶ ቋቅ አለኝ። ሽታው ከመስታወቱ አልፎ የመጣ መሰለኝ፤ ካንዴጂና ያፈሰስኩበት ሽታ፣ የሳሎኔ ሽታ፣ እዚያው አወቅኩት። ከጎኔ የተንጋለለው ወጣት «ኬ ስኪፎ!» አለ፣ እንዴት ያስጠላል ማለቱ ነው፤ ስልኩንም አነጣጠረ። እጁን መታሁት። ስልኩ ድንጋዩ ላይ ተንከባለለ፣ ተነስቶ ሰደበኝ፣ እብድ ናት አለ። ልክ ነው፣ አብጄ ነበር፤ ያስጠላል የሚለውን፣ ከአፌ ሊወጣ የነበረውን ቃል ቀድሞኝ ነው የተናገረው።

ቦርሳውን ጥዬ ሮጥኩ። ቲኬት የሚፈትሸው ልጅ ሲጣራ ሳልሰማ በቀሚሴ መስታወቱ ላይ ወጣሁ፤ ማን ከስር እንዳየኝ አላውቅም። አባቴ መሃል ደርሰው ብረቱን በአንድ እጅ ይዘዋል፣ በሌላው ጫማቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። ወንዙን እያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ደስ ብሏቸዋል። ሲያዩኝ መጣሽ፣ ጥሩ አደረግሽ አሉ።

«አባባ፣ እግርዎን ያሳዩኝ።»

ፊታቸው ወደቀ። ሰው መሃል ነን፣ እቤት ስንገባ አሉኝ። እኔ እግራቸውን አየሁ። እሳቸውም የማየውን ተከትለው ዓይናቸውን ዝቅ አደረጉ፤ በመስታወቱ አልፈው፣ እኔ ቆሜበት የነበረውን ድንጋይ፣ የጣልኩትን ቦርሳ፣ ስልኩን የሚጠርገውን ወጣት አዩ።

«ከታች ይታያል እንዴ?» አሉ።

የሚያፍር ሰው ድምፅ ነበር። ሰባ አራት ዓመት ሙሉ አንገታቸውን ቀና አድርገው የኖሩ ሰው፣ ልጃቸው ፊት ጥፋቱ እንደተገኘበት ሰው ነው ያፈሩት።  ተቀምጬ ካልሲያቸውን ላጠልቅላቸው ስል እግራቸውን ሸሸት አደረጉት። «ተይው፣ ይሸታል» አሉኝ።

በታክሲ ፕሮንቶ ሶኮርሶ፣ የድንገተኛ ክፍል ማለት ነው፣ ወሰድናቸው። ልጄ ከኋላ ወንበር የኖኖን ጫማ ጭኗ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። እዚያ ለሰዓታት ጠበቅን። ሐኪሟ ቁስሉን ስትከፍተው ባሌ ወጣ። እኔ ቆምኩ። ሐኪሟ መቼ እንደጀመረ ጠየቀችኝ፤ አላውቅም አልኩ። አብረን ነው ወይ የምንኖረው አለች፤ አዎ አልኩ። ከዚያ ቅጹን እየሞላች ሥራዬን ጠየቀችኝ። ጽዳት ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ባዳንቴ ነኝ አልኩ፣ አረጋውያን እጦራለሁ። እስክሪብቶዋ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝና ጻፈች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ጣቶች ተቆረጡ። ሌላ አስር ቀን ብንቆይ ግን እግሩን አናድነውም ነበር አለች ሐኪሟ። ጫማውን የሆስፒታሉ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ወረወርኩት። አባቴ ሲነቁ የጠየቁት እሱን ነው፤ ጣልኩት ስላቸው ተቆጡኝ። «ልጄ የገዛችልኝን ጫማ ማን ጣይ አለሽ» አሉ።

በሦስተኛው ቀን ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኳቸው። ለምን ደበቁኝ? እኔ እኮ ሥራዬ ነው፣ ለባዕድ የማደርገውን ለእርስዎ አላደርግም ብለው ነው? ተቆጥቼ ነበር፣ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። ከጎናቸው የተኙት የጣልያን ሽማግሌ ዞር ብለው አዩን። አባቴ አልጋ ልብሱን እያስተካከሉ ቆዩ።

«የመጣሁ ዕለት ውሃውን ስታቀርቢልኝ» አሉ፣ «ፊትሽን አየሁት።»

እግራቸውንም አልጋ ልብሱ ስር ሸሸጉት።  

አስራ አንድ ዓመት። የማላውቃቸው ሴቶች፣ የማላውቃቸው ወንዶች፣ አንዳንዶቹ የሚሰድቡኝ፣ አንዱ በከዘራ የመታኝ፣ ለእነሱ ሁሉ አንድም ቀን ያላሳየሁትን ፊት ለአባቴ በመጀመሪያው ማታ አሳየሁ። የራሴ ሰው ስለሆኑ፣ ቤቴ ስለሆነ፣ እቤት ምን ያስጨንቀኛል ብዬ። ፊቴን ሥራ ቦታ ሰቅዬ ነው የምገባው ለካ። እሳቸውም አንድ ጊዜ አዩና በሩን ቆለፉ፤ ከዚያ ቢዴ ላይ ቁጭ ብለው፣ በማይሰማ እግር፣ በሶፍት፣ እኔ ከውጭ በሩን እየቆረቆርኩ ረፈደብኝ እያልኩ፣ ራሳቸውን ያክሙ ነበር።

በሕክምናው ምክንያት የሚቆዩበት ወረቀት ተሰጣቸው፤ እስካሁን እኛ ጋ ናቸው። ፓሴሬላው መስከረም ላይ ተነሳ አሉ፤ ይነሳ፣ ወንዙ ውስጥ ቢጥሉትም ግድ የለኝም።

አሁን ማታ ማታ እግራቸውን የማጸዳው እኔ ነኝ። መዘፍዘፍ ክልክል ነው፤ ሳፋ የለም፣ ጨው የለም፣ በንጹሕ ጨርቅ ቀስ እያደረግኩ ነው። ዙሪያውን እጠርጋለሁ፣ ጣቶቹ የነበሩበትን እጠርጋለሁ፣ መድኃኒት ቀብቼ እጠቀልላለሁ። ያስጠላኛል። እንዲህ ስል ሰው ይደነግጥ ይሆናል፤ ፍቅር ሲመጣ ማስጠላቱ የሚጠፋ ይመስለዋል። አይጠፋም።  ፊቴን ግን ይዤዋለሁ፤ ፈገግ ብዬ ስለ ትራሙ፣ ስለ አከራዩ፣ ስለ ልጅቷ ትምህርት አወራቸዋለሁ። የሙያዬን ሁሉ እዚያ ላይ አውለዋለሁ።

እሳቸው እግራቸውን አያዩም። እኔን ነው የሚያዩት፣ ከጀመርኩ እስክጨርስ። ከዚያ ገና ፋሻውን ሳላስር «በቃ ልጄ፣ በቃሽ» ይሉና ካልሲያቸውን ፈጠን ብለው ራሳቸው ያጠልቁታል። ስምንት ወር ሆነን። እስካሁን አላመኑኝም።